ከኋላ ወንበር የሚነበብ

“መጀመሪያ የራሴን ሰው ካላስወጣሁ የሌላውን በምን አፌ አስወጣለሁ?” አለ ደሳለ።

ድምፁ የመጣው ከመኝታ ቤቱ ነበር። ቤቱን ለሁለት የሚከፍለው ችፑድ ስለሆነ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ብርቅዬ ከወዲህ በኩል ባለችው ጠባብ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች ነበርና የግራው ማሰሪያ በእጇ እንደተያዘ ቀረ። እኅቷ አሰለች ለባሏ መልስ እስክትሰጥ ጠበቀች። አሰለች የምትናገረው ስታጣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ብርድ ልብሱን ስታራግፍ ተሰማ። “ስድስት ዓመት የሠራች ልጅ” አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ አልካድኩም። ግን ታይፒስት ናት፤ በአዲሱ መዋቅር ታይፒስት የሚባል መደብ የለም። ሌሎቹ ጽሕፈት ቤቶች ታይፒስቶቻቸውን ለመረጃ ሠራተኛነት ይወዳደሩ ብለዋቸዋል። እኔ እንዲህ ባደርግ ግን በግምገማው ላይ ‘የሚስቱን እኅት አስቀረ’ ነው የሚባለው። ጣት ከሚቀሰርብኝ ቆርጬ ባስወጣት ይሻለኛል።”

“ለሷስ ነግረሃታል?”

“ምደባው ሲለጠፍ ታየዋለች። ዛሬ እንዳትነግሪያት ደግሞ፤ የፓወር ፖይንት ሥልጠናውን የምትሰጠው እሷ ናት።”

ቁርስ ላይ ሦስቱም ከአንድ ትሪ በሉ። የትናንት ሽሮ ፍርፍር ነበር። አሰለች እኅቷን ደጋግማ አጎረሰቻት፤ ሦስተኛዋ ጉርሻ ላይ ብርቅዬ ሳቀች። “ዛሬ ምን አየሽብኝ? ሩቅ አገር የምሄድ አስመሰልሽኝ እኮ።” አሰለች ፊቷን ወደ ሻዩ ማንቆርቆሪያ አዞረች። ደሳለ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ጣሪያውን አየ። ኮርኒሱ በአንድ ጥግ ከረገበ ሁለት ክረምት አልፎታል። የቤቱ ባለቤት ግን በወር አራት መቶ ብር እየተቀበለ “ለፈረንጅ ባከራየው ስድስት መቶ ያወጣል” ከማለት ሌላ አንድ ሚስማር መትቶበት አያውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደሳለ ስለ ኮርኒሱ ይነጫነጭ፣ ብርቅዬም “ጋሼ፣ መሰላል አምጣና እኔ ልምታው” ትለው ነበር። ያን ቀን ሁለቱም ስለ ኮርኒሱ አላነሡም። ደሳለ “እኔ ልቅደም፤ ፕሮጀክተሩን ከመጋዘን ማስወጣት አለብኝ” ብሎ ወጣ። እኅትማማቾቹ ብቻቸውን ሲቀሩ አሰለች ትሪውን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ደግሞ አነሣች። አፏ ላይ የነበረውን ነገር ዋጠችው። ብርቅዬ አልጠየቀቻትም፤ እኅቷን ከባሏ ጋር ማጣላት አልፈለገችም።

ዳገቱን ስትወጣ ነገሩን አገላብጣ አየችው። ራሴን አመመኝ ብትል የሚያምናት አታጣም። እሷ ከሌለች ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለግምገማ ከዞን የሚመጡት ሰዎች ፊት አሥራ አንድ ባለሙያ በፕሮጀክተሩ ፊት ሲደናበር ይውላል። ይህን ስታስብ ለአፍታ ደስ አላት፤ ወዲያውም ደስታው ራሱ አሳፈራት። ፓወር ፖይንትን ማንም አላስተማራትም። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እሷ ጽሕፈት ክፍል ቀርታ፣ እያንዳንዷን ቁልፍ እየተጫነች፣ ምን እንደምትሠራ በአማርኛ በደብተር እየጻፈች፣ የማይገባትን እንግሊዝኛ ከመዝገበ ቃላት እየፈለገች ነው የተማረችው። ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ሥራዋን ብታጣ ወደ ገነተ ማርያም፣ ወደ አባቷ ቤት መመለሷ ነው፤ እዚያ ደግሞ ይህ ሁሉ እውቀት ለማንም አይጠቅምም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቲማቲም የምትቸረችረዋ ሴት “ኪሎው ስምንት ብር፣ ላንቺ ሰባት” አለቻት። “ስመለስ” አለች ብርቅዬ። ከዚያ ወዲያ ልቧ አላመነታም። የምታውቀውን ሁሉ ሳትሰስት ታሳያቸዋለች። ከዚያ በኋላ አታስፈልጊንም የሚላት ሰው ካለ ዓይን ዓይኗን እያየ ይበላት።

የግብርና ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ ኖራ ቢቀባም ሽታው አልለቀቀውም። መስኮቶቹን የሬሳ ሣጥን ጨርቅ በሚመስል ጥቁር መጋረጃ ሸፍነው፣ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረውበታል። ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ጀምረው ተቀመጡ። ቢፒአር የሚሉት የመዋቅር ለውጥ ከመጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ፊቱ ጠቁሯል፤ ማን እንደሚመደብ፣ ማን መደብ አጥቶ ተንሳፋፊ እንደሚሆን የሚያውቀው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ደሳለና የምደባ ኮሚቴው ብቻ ነበር። ብርቅዬ ላፕቶፑን አገናኝታ፣ መብራቱ መጥፋቱን አረጋግጣ፣ “እኔ ብዙ አላወራም” አለች። “እያንዳንዳችሁ ከሰዓት የምታቀርቡትን አሁን አቅርቡ። እያየን እናርማለን። ጋሽ ደርበው ይጀምሩልን።”

ደርበው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በዚያው በላሊበላ ዜማ ቤት ዘልቆ ድጓ ጀምሮ ነበርና የመሥሪያ ቤቱ ሰው መሪጌታ እያለ ይቀልድበታል። የደርበው የመጀመሪያ ስላይድ አንሶላው ላይ ሲወጣ አዳራሹ ጉም የወረደበት መሰለ። ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር ፊደል ነው። ብርቅዬ ቆጠረችው፤ ሃያ ሦስት መስመር።

“ይኸ ሁሉ ምንድን ነው ጋሽ ደርበው?”

“የዓመቱ ሪፖርት ነዋ። ከክትባቱ እስከ ቄራው አንድ ቃል አልጎደለ።”

“ከኋላ ማን ያነበዋል?”

“እነሱ ለምን ይደክማሉ? እኔ አነብላቸዋለሁ እንጂ።” ተነሥቶም ወደ ግድግዳው ዞረና ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ በሚያምር ድምፁ ያወርደው ገባ። ንባቡ ሲሄድ ሲሄድ ወደ ዜማ አደላ። ሦስተኛው መስመር ላይ ከመሐል ወንበር ፋና፣ በጊዜያዊነት የተቀጠረችው የሃያ ሁለት ዓመቷ ባለ ዲፕሎማ፣ “ጋሽ ደርበው፣ ከሪፖርቱ ይልቅ የኮትዎ ስፌት ነው የሚነበበው፤ ጀርባው ተተርትሯል” አለች። አዳራሹ ሳቀ። ደርበውም እየሳቀ ኮቱን በእጁ ዳሰሰው።

“ይቀንሱት” አለች ብርቅዬ።

“ይህንማ አላደርግም። የተጻፈን ነገር ማጉደል ግድፈት ነው። እኛ የተማርነው አንዲት ፊደል ብትወድቅ ከራስ ጀምረን እንድንመልስ ነው።”

ብርቅዬ ችግሩ የት ላይ እንደሆነ ገባት። ሰውዬው ሰንፎ አይደለም፤ በደንብ የተማረው ነገር ነው የያዘው። የቄስ ልጅ ናትና ያንን ትምህርት ከደጅ ሆናም ቢሆን ታውቀዋለች። “ድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የምትጻፍ ደቃቅ ምልክት አለች አይደል?” አለችው። “ዜማውን በሙሉ የያዘችው እሷ ናት?”

“እሷማ ሁለት ፊደል ናት። ዜማው ያለው ሆዴ ውስጥ ነው። እሷ ታስታውሰኛለች እንጂ።”

“ተማሪው ምልክቷን ብቻ እያነበበ ዝም ቢልስ?”

“የኔታ በጭራ ይሉታል።”

“ዜማውን በሙሉ ከምልክቷ ጎን ልጻፈው ቢልስ?”

ደርበው ወደ አንሶላው ዞሮ ሃያ ሦስቱን መስመር እንደ አዲስ አያቸው። “ብራናው አይበቃውም” አለ።

“ግድግዳው ላይ የምትወጣው ምልክቷ ትሁን። ሪፖርቱ በእጅዎ ይቀመጥ፤ የቀረውን ከሆድዎ ያውጡት፤ ፊትዎም ወደ ሰዉ ይሁን።”

ደርበው ማውዙን እንደ ምላጭ በጥንቃቄ ያዘው። አንዱን መስመር ከመሰረዙ በፊት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነበዋል፤ የተሰናበተው ይመስላል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የቀረው አራት ቃል ነበር፤ “ከአሥር ከብት ሰባቱ ተከትቧል።” ፊደሉ የጡብ ያህል ሆነ። “እሺ፣ ሦስቱስ ለምን ቀሩ?” አለችው ብርቅዬ። ደርበውም ፊቱን ወደ ሰው መልሶ፣ ከአሸተን ማርያም ሥር ወዳለው ቀበሌ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን በአህያ ጭነው ሲወጡ አህያዋ መንገድ ላይ እንዴት እንደተኛችባቸው፣ በረዶው እንዴት እንደቀለጠ፣ ገበሬው ደግሞ ከብቱን ከጠዋት ጀምሮ አስሮ እየጠበቀ በማታ ባዶ እጃቸውን ሲያያቸው ምን እንዳላቸው ነገራቸው። ማንም አላዛጋም። እሱም አንዴም ወረቀቱን አላየም። ሲጨርስ ራሱ ተገርሞ “ይኸ ሁሉ ከአራት ቃል ወጣ?” አለ።

ከእሱ በኋላ ሥራው ቀለለ። የፋና ፊደሎች አንድ በአንድ ከግራ እየበረሩ፣ እያንዳንዱም የመኪና ፍሬን ድምፅ እያሰማ ነበር የሚያርፉት። ብርቅዬ አልነቀፈቻትም፤ “አንድ ጊዜ ብቻ ዓይናችሁን ጨፍኑና አድምጡ” አለች። ሁሉም ጨፈኑ። ከአምስተኛው ፍሬን በኋላ ፋና ራሷ ሳቋ አምልጧት “በቃ፣ በቃ፣ ተጋጨሁ” አለችና ድምፁን አጠፋችው። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አሥራ አንዱም አቅርበው ጨርሰዋል። ብርቅዬ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር፤ ግን ከስድስቱ ዓመት ሁሉ የዚያን ቀን ጠዋት ያህል ራሷን በቦታዋ አግኝታ አታውቅም። ቀና ብላ ወደ ደሳለ አየች። ቤት ውስጥ ጋሼ እያለች አንተ ትለዋለች፤ ሥራ ላይ ግን ማንም ሳያዛት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ እርስዎ ነው የምትለው።

“አቶ ደሳለ፣ ተራው የእርስዎ ነው።”

“የኔ አልቋል፤ ይቅር” አለ ደሳለ።

“ኧረ ይምጡ!” አለ ደርበው። “የኔ ሲገፈፍ ቆመው ሲስቁ አልነበር?”

ደሳለ ፍላሹን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰካ። የመጀመሪያዎቹ ስላይዶች ንጹሕ ነበሩ። አምስተኛው ላይ ግን አንሶላው እንደገና ጉም ለበሰ፤ ሠላሳ አንድ ተራ ያለው ሠንጠረዥ ነበር፤ ፊደሉ የተልባ ፍሬ ያህላል። ከላይ ያለው ርእስ ብቻ ይነበባል፤ “አዲሱ መዋቅርና የመደቦች ሁኔታ።” ወንበሮች ተንቋቁ። ሰው ሁሉ ወደፊት አንገቱን አሰገገ።

“አይነበብም” አለ ደርበው፤ አሁን የመምህር ድምፅ አውጥቷል።

“ይህ ለመረጃ ያህል ነው” አለ ደሳለ። “ዝርዝሩ በኋላ በወረቀት ይለጠፋል።”

ብርቅዬ ድምፅዋን አልለወጠችም። ለፋና ስታስረዳ የነበረበት ያው ድምፅ ነው። “የማይነበብ ከሆነ ባይወጣ ይሻላል። የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ይነበብ። የቱን ይመርጣሉ?”

ደሳለ ቀና ብሎ አያት። ከጠዋት ጀምሮ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ብርቅዬ ዓይኗን አልሰበረችም። እሱም አወቀ፤ እንደምታውቅ አወቀ። ለመቃወም ግን ጊዜ አልነበረውም፤ “ይነበብ” የሚለው ድምፅ ከየወንበሩ መጥቷል። ሰው ሁሉ የራሱን ዕጣ ከዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ይፈልግ ነበር።

“ከላይ ስምንቱን ይምረጡ” አለች ብርቅዬ። “ወደ አዲስ ገጽ ይውሰዷቸው። ፊደሉን ሠላሳ ሁለት ያድርጉት።” ደሳለ እንዳለችው አደረገ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት መደቦች ሲወጡ ከሰዉ መካከል አንዳንዱ ትንፋሹን ለቀቀ። የሚቀጥሉት ስምንት መጡ፤ ደርበው ራሱን አገኘና አማተበ። ሌሎች ስምንት መጡ። ከዚያ በኋላ ስድስት። ደሳለ እዚያ ላይ እጁን ከማውዙ አነሣ።

“አንድ ቀርቷል” አለች ብርቅዬ። “ብቻውን አዲስ ገጽ ላይ ያውጡት።”

አወጣው። “ታይፒስት፤ የሚሰረዝ። ሥራው በየባለሙያው ይሸፈናል።” እያንዳንዱ ፊደል የእጅ መዳፍ ያህል ነበር። ፋና እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ደርበው ወደ ጫማው አየ። ወደ ብርቅዬ ያየ ሰው አልነበረም። እሷ በወንበሮቹ መካከል አልፋ መጨረሻው ረድፍ ላይ ባዶ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠችና አንሶላውን አየችው።

“አሁን ከዚህም ይነበባል” አለች። “አቶ ደሳለ፣ ወደ ሰው ይዙሩና ያስረዱን።”

ደሳለ ዞረ። “የምሳ ሰዓት ደርሷል” አለ ሰዓቱን አይቶ።

“እሺ። ከሰዓት በኋላም ይህንኑ ስለሚያስረዱ ይዘጋጁበት” አለችና ተነሥታ መጋረጃውን ከፈተች።

ለምሳ ሲወጡ ፋና ክንዷን ይዛ ወደ ግቢው ቧንቧ ሳበቻት። “እያወቅሽ ነው ያስተማርሽን?”

“ጠዋት ነው የሰማሁት።”

“እኔ ብሆን ኮረንቲውን ነቅዬ እሄድ ነበር።”

“ኮረንቲው የመንግሥት ነው” አለች ብርቅዬ፣ ፊቷን እየታጠበች። “ሙያው ግን የኔ ነው። እንዳይደበቅ ብዬ ነው ያሳየኋችሁ።”

ደሳለ ምሳ አልወጣም። በአዳራሹ ውስጥ ብቻውን ከላፕቶፑ ጋር ቀረ። ያችን አንድ ተራ ወደ ሠንጠረዡ ግርጌ መመለስና ፊደሉን እንደገና ማድቀቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ እንዴት እንደሚደረግም ራሷ አሳይታዋለች። ብርቅዬ በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ተቀምጦ አየችው። አልገባችም።

ከዞን የመጡት ሦስት ሰዎች ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ። ከወልድያ ድረስ የዋጡትን አቧራ ከልብሳቸው እያራገፉ ገቡ። መሪያቸው ወይዘሮ ጀውሀራ ትባላለች፤ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣ ደብተሯ ላይ በትናንሽ ፊደል የምትጽፍ፣ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ ሴት ናት። ደርበው አራት ቃሉን አውጥቶ ስለ አህያዋ ሲነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አደመጠችው። “በረዶ ሣጥኑ ሌላ ይጨመርላችሁ” አለችና ጻፈች። ፋና ያለ አንድ የፍሬን ድምፅ አቅርባ ጨረሰች። የመጨረሻው ደሳለ ነበር። መዋቅሩን ስምንት ስምንት እያደረገ አሳየ። ስድስቱን አሳየ። ከዚያም ቁልፉን ሲጫን ያ አንድ ተራ ብቻውን፣ መዳፍ መዳፍ በሚያክል ፊደል፣ አንሶላው ላይ ወጣ። አልመለሰውም።

“በየባለሙያው ይሸፈናል ይላል” አለች ጀውሀራ። “ባለሙያዎቹ ይችላሉ?”

ደሳለ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ብቻ ነው። “ይችላሉ” አለ። አክሎም “ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ” አለ።

“ከዚያ በፊትስ?”

“አይችሉም ነበር።”

“ማን አስቻላቸው?”

“ብርቅዬ። ያቺ መጨረሻ ረድፍ ላይ የተቀመጠችው። መደቡ የሷ ነው።” ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። “የባለቤቴ እኅት ናት። እንደ ሌሎቹ ለመረጃ ሠራተኛነት ትወዳደር ብል በዝምድና ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። ስለዚህ ሳትወዳደር አስወጣኋት።”

ጀውሀራ የያዘችውን ዐረፍተ ነገር ጽፋ ጨረሰችና ቀና አለች። “የባለቤትዎ እኅት ባትሆን ትወዳደር ነበር?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ያስወጧት በዝምድና ነው።”

ጀውሀራ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ቀጠለች። የመረጃ ሠራተኛው መደብ ለውድድር ክፍት ይሆናል፤ ፈተናው ዓርብ ነው፤ ደሳለ ከኮሚቴው ይወጣል፤ ፈታኙ ከሌላ ጽሕፈት ቤት ይመጣል። “ቅር የሚልሽ ነገር አለ?” አለች ወደ ኋላ እያየች።

ብርቅዬ ተነሣች። “የለም። ፈተናው በወረቀት ብቻ እንዳይሆን እንጂ። ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጣችሁ እዩን።”

“ይመዝገብ” አለች ጀውሀራ።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ እንግዶቹ ሄዱ፤ ሰውም እየተንጫጫ ወጣ። ደሳለ የፕሮጀክተሩን ገመድ በክንዱ ላይ እየጠቀለለ ወደ ብርቅዬ ቀረበ። “ልነግርሽ ይገባኝ ነበር” አለ።

“ይገባህ ነበር” አለች። “ለአሰለችም የዛሬውን አንተው ንገራት። ጠዋት ብዙ ዋጠች።” ደሳለ ራሱን ነቀነቀ፤ ገመዱን መጠቅለሉን ቀጠለ። ብርቅዬ ላፕቶፑን ዘግታ ከሣጥኑ ልትከተው ስትል ፋና በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው እየተዛወረች ነበር።

“እኔም ልመዘገብ አስቤያለሁ” አለች ፋና። “ዲፕሎማ አለኝ።”

“ተመዝገቢ።”

“አትቀየሚኝም?”

“መደቡ ክፍት ነው አሉ፤ ሰምተሻል።”

ፋና ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ገባች። “እንግዲያው ያ ሠንጠረዡ ወደ ሥዕል የሚቀየረው ነገር አልገባኝም። ጠዋት እየተጣደፍን አለፍነው። ለዓርብ ሳይጠይቁት አይቀሩም።” ይህን ብላ ራሷ አፈረችና ወደ ደሳለ አየች። ደሳለ ገመዱን እንደያዘ ቆሞ የሁለቱን ፊት እያፈራረቀ ያይ ነበር።

ብርቅዬ ሣጥኑን ወደ ጎን ገፋችው። ላፕቶፑን መልሳ ከፈተች።

“ወንበር ሳቢ” አለች። “ማውዙን ግን አንቺ ያዢው። እኔ ከያዝኩት አትማሪም።”